አማቴን ያስቀረ አተር

ሰው አማቱ ቶሎ እንድትሄድለት በሚሳልበት አገር፣ አማቴ እንዳይሄዱብኝ ብዬ የገዛ አተሬን ስገድል የከረምኩ ሰው ነኝ። ይህን ስናገር ቢሮ ውስጥ የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እነሱ አማቴን አያውቋቸውም፤ አተሩንም አልቀመሱትም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ያውም አፈር የሚታየው የውሃ ሠራተኞች አስፋልት ሲቆፍሩ ብቻ በሆነበት ሰፈር ነው። ባሕር ዳር የመጣሁት ለሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ወንበር ሰጠኝ፣ ከተማዋ ደግሞ ትርንጎን ሰጠችኝ፤ ይኸው ከተጋባን አሥር ዓመታችን ነው። ታዲያ ያኔ አተርን የማውቀው ተከክቶ፣ ተቀቅሎ፣ እርድ ለብሶ እንጀራዬ ላይ ሲወጣ ነበር። ከዚያ በፊት የት እንደነበረና ምን ይመስል እንደነበር ጠይቄው አላውቅም።

የትርንጎ እናት እማማ አንጓች ይባላሉ። ከአንበሳሜ ከተማ ወጣ ብሎ ነው ቤታቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ መሬቱን የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ናቸው፤ እርፍ ከመጨበጥ በቀር የማይሠሩት የእርሻ ሥራ የለም። ገበያ ላይ አንዲት የባቄላ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰበር ያደርጉና "ይች ሳትደርቅ ነው የተወቃችው" ሲሉ ነጋዴው አንገቱን ይደፋል ይባላል። እኔ እፈራቸዋለሁ። ፍርሃቱ ግን ክፉ አይደለም፤ ሰው ከሚያደንቀው ሰው ፊት ሲቆም እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጠፋበት ዓይነት ነው።

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በእሳቸው አገር ልማድ አማት በአማቿ ፊት አትበላም። ነውር ነው። እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እማማ አንጓች አንዲት ጉርሻ ሲያኝኩ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔ ከገባሁ የጠቀለሉትን ትተው ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ። አንበሳሜ ስንሄድ እሳቸው ጓዳ ገብተው ይበላሉ፤ እኛ ቤት ሲመጡ ግን ጓዳ ስለሌለን የምወጣው እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ በምሳ ሰዓት መድረሻ የሌለው ጎልማሳ ዘንባባ ለዘንባባ ሲንቀዋለል ካያችሁ አትጠርጥሩት፤ አማቱ እየበሉ ነው።

አነጋገራቸውም እንዲሁ ነው። እኔን በቀጥታ አያናግሩኝም። አጠገባቸው ተቀምጬ "ትርንጎ፣ ባልሽ ሻይ ይጠጣል ወይ?" ይላሉ። ትርንጎ ወደ እኔ ዞራ "ትጠጣለህ ወይ?" ትለኛለች። እኔ "እጠጣለሁ በያቸው" እላለሁ። አንድ ኩባያ ሻይ እስኪቀዳ ድረስ ሦስት ሰው ይደክማል።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ እማማ አንጓችን ለሕክምና አመጣናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ኖሯል፤ ለማንም አልተናገሩም። የታወቀባቸው የባቄላ እሸት ሊለቅሙ ወጥተው ቅርጫት ሙሉ ቅጠል ይዘው የተመለሱ ቀን ነው። ፍሬና ቅጠል አንድ አረንጓዴ ሆኖባቸው ነው። ትርንጎ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ በማግስቱ ሄደን አመጣናቸው። ሐኪሙ የቀኙን ሞራ ገፈፈና ትእዛዙን ሰጠ፦ እንዳይጎነበሱ፣ ከባድ እንዳያነሱ፣ አቧራና ጭስ እንዳይቀርባቸው፣ የግራው ዓይን ከሁለት ወር በኋላ እንዲሠራ፣ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ወረፋው እንደ አዲስ እንደሚጀምር።

በአራተኛው ቀን እማማ አንጓች ዘንቢላቸውን አነሱ።

"ለአንዲት አሮጊት አንድ ዓይን ምን አነሳት?" አሉ። "ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል። ደግሞስ አማት በአማቿ ቤት ስንት ቀን ትከርማለች? ሰው ምን ይላል?"

ትርንጎ ወደ ጓሮ ጎተተችኝ። "አንበሳሜ ከገባች ውድማ ላይ ሳትወጣ አትውልም" አለችኝ። "እዚያ አቧራው አለ፣ ጎንበስ ቀናው አለ። የሠሩላትን ዓይን ታበላሸዋለች፤ ለግራውም ብላ ተመልሳ አትመጣም። አንተ አስቀራት።"

"እኔ?"

"አዎ አንተ። እኔን መች ትሰማኛለች? አንተን ግን ታፍርሃለች።"

የሚያፍሩኝን ሰው እንዴት አድርጌ እንደማስቀር ጨነቀኝ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አተሩ የመጣው።

በዚያው ሰሞን አንድ የቢሮ ባልደረባዬ ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ ተመልሶ ነበር። ለሌላው ብዕርና ቸኮሌት ሲያድል፣ ለእኔ አንዲት የዘር ፓኬት ሰጠኝ፤ አንድ ቀን "ጓሮ አለኝ" ብዬ ተመጻድቄበት ኖሯል። "ስኳር አተር ይባላል፤ ጣፋጭ ነው" አለኝ። ከዚህ በላይ እሱም አያውቅም። ፓኬቱ ላይ ወፈር ወፈር ያለ አረንጓዴ አተር ሳህን ላይ ተኝቶ ይታያል። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ቢሆን እንደምንም እወጣው ነበር፤ ግን አይደለም፤ ምን ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የገባኝ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ አምስት። በዘርና በዘር መካከል አምስት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው ብዬ ወሰንኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ነበርኩ።

እማማ አንጓች ሊሄዱ በተነሡበት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሐኪሙ የሰጣቸውን ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዘንቢላቸው እግራቸው ሥር ነው። ትርንጎ መናኸሪያ ልታደርሳቸው ፊቷን እያጠበች ነው፤ ውሃው ይሁን እንባው አይለይም። እኔ ደግሞ ምንም መላ ሲጠፋኝ፣ ከጭንቀት ለማምለጥ ብዬ ጓሮ ወርጄ አተሬን እዘራለሁ። ሲባጎ ወጥሬያለሁ። ከቢሮ ያመጣሁትን ማስመሪያ አፈሩ ላይ አጋድሜ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ አንድ አንድ ፍሬ አስቀምጣለሁ።

"ትርንጎ፣ ባልሽ ምን ያደርጋል?"

"አተር እየዘራ ነው፣ እማዬ።"

"በማስመሪያ?"

እማማ አንጓች መነጽራቸውን ከፍ አድርገው በአንድ ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

"አተር ይዘራል ወይስ ቦታ ይመራል?" አሉ።

ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ቀስ እያሉ ወደ ጓሮው ወረዱና እጃቸውን ዘረጉ፤ አንድ ፍሬ አስቀመጥኩላቸው። ፊታቸውን አዙረው፣ ነጠላቸውን ከልለው ነከሷት። "ዘሩ ደህና ነው" አሉ ለልጃቸው። "ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።" አፈሩን በከዘራቸው ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጉት። ፍግ የለው፣ አልተገላበጠ፣ ዘሩም ውሃ ውስጥ አላደረ። "ይህን አይቼ ብሄድ እግዜር ይጠይቀኛል። ይብቀልና እሄዳለሁ።" ዘንቢሉ ወደ ቤት ተመለሰ። ትርንጎ ከኋላቸው ሆና እኔን ባየችኝ ዓይን በሠርጋችን ቀን እንኳ አላየችኝም።

ፍጉ የመጣው ከጎረቤታችን ከዘይነባ ነው። ባሏ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ እሷ ደግሞ ለአረፋ የምታደልበው አንድ በግ አላት። በጉን የምትይዘው እንደ በኩር ልጅ ነው። ያደረ ሣር አይበላም፤ የሽምብራ ገለባ ቢሰጡት አሽትቶ ፊቱን ያዞራል። ዘይነባ አንድ ባልዲ ፍግ በአጥሩ ላይ እያቀበለችኝ "ለእማማ አንጓች ከሆነ ሌላም አለ" አለች። "ለአንተ ብቻ ቢሆን ግን አስብበት ነበር።"

በስምንተኛው ቀን አተሩ በቀለ። እንዴት ልንገራችሁ! አንዱም ሳይቀር፣ በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ፣ ለሰልፍ እንደወጣ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፎቶ አንሥቼ ለቢሮ ሰዎች በሙሉ ላክሁ። የቅርብ አለቃዬ "ይህ ሣር ነው?" ብሎ መለሰልኝ፤ ቅናት ነው ብዬ ተውኩት። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደሚሉት ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር በእጄ ሠርቼ አላውቅም። እማማ አንጓች ተንበርክከው ማየት ስላልተፈቀደላቸው መዳፋቸውን በከዘራው ላይ አድርገው ቆመው፣ እኔ አንድ ቅጠል ይዤላቸው ዳሰሱት።

"ደግ ነው። በቅሏል" አሉ። "እንግዲህ እሁድ እሄዳለሁ።"

ደስታዬ እዚያው ቀዘቀዘ። ለካ አተሩ ባማረ ቁጥር አማቴ ይሄዳሉ፤ በታመመ ቁጥር ይቀራሉ! ትርንጎ በመስኮት ታየኛለች። የሁለት ወሩ ቀጠሮ ገና ሩቅ ነው። አመሻሹ ላይ እማማ አንጓች በረንዳው ላይ ውዳሴ ማርያማቸውን በቃላቸው እየደገሙ ሳለ፣ ጀሪካን ሞልቼ ወጣሁና አተሬን አጠጣሁት። ሁለተኛ ጀሪካን ደገምኩ። ሦስተኛም። ያንን ሳደርግ ልቤ እየደማ ነበር፤ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነበር የማፈሰው።

ቅዳሜ ጠዋት አተሩ ቢጫ ሆነ። እማማ አንጓች ወረዱ። ከዘራቸው ጭቃ ውስጥ ገባና ሊወጣ አልፈለገም። ያን ጊዜ ነው በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ትርንጎን ሳያማክሩ፣ በቀጥታ የጠሩኝ።

"አንተ!"

"አቤት እማማ።"

"አተር ነው ወይስ ሩዝ ነው የዘራኸው? ፎገራ ያለህ መሰለህ?"

ያን እሁድ አልሄዱም። በረንዳው ጫፍ ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡና የውሃ መውረጃ ቦይ አስቆፈሩኝ። እሳቸው በከዘራ ይጠቁማሉ፣ እኔ በዶማ እከተላለሁ። አቆፋፈሬን አይተው አይተው ወደ ልጃቸው ዞሩና "ልጄ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው ያገባሽው" አሉ። ዘይነባ በአጥሩ ላይ ሆና እንደዚያን ቀን ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ገፋን። አተሩ ሲድን እሳቸው ዘንቢላቸውን ያነሣሉ፣ እኔ አንድ ነገር አበላሻለሁ፣ እሳቸው "ይህን ትቼ አልሄድም" ይላሉ። አስቸጋሪው ነገር፣ ሳላቅድ የማጠፋው ካቀድኩት መብለጡ ነው። ለዓርብ አንድ ጥፋት አዘጋጅቼ ሳለ ረቡዕ ዕለት በቅንነት አረም ላርም ገብቼ አተሩን ነቅዬ ሙጃውን አስቀረሁት። እማማ አንጓች የነቀልኩትን እየዳሰሱ አንድ በአንድ መልሰው አስተከሉኝ።

በዚህ መሀል ግን እኔው ራሴ ተለወጥኩ። ከሥራ በፊት ማልጄ ተነሥቼ አጠገባቸው መቆም ጀመርኩ። አፈሩን ሳይነኩ፣ ውሃ ሳጠጣ ድምፁን ሰምተው ብቻ "በቃ፣ ጠጥቷል" ይላሉ። አንድ ቅጠል በሁለት ጣታቸው መሀል ያሻሉና "አተር ሲጠማው ይለሰልሳል፤ ሲጠግብ ይንኮሻኮሻል። ና፣ አንተም ንካው" ይሉኛል። ነካሁት፤ እውነታቸውን ነው። ከእኔ ጋር መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው አለ፤ አንድ ፋይል ፈልግ ሲሉት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። እሳቸው አንድ መደብ አተር በጣታቸው አነበቡት። ፊደል ስላልቆጠሩ ሲያፍሩ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በእነዚያ ጣቶች ፊት በራሴ ፊደል ሁሉ አፈርኩ።

አተሩ ቁመቱ ጉልበቴን አለፈና ቀጭን ቀጭን ክሮቹን እየዘረጋ የሚጨብጠው ነገር መፈለግ ጀመረ። "ምርኩዝ ሳይፈልግ አይቀርም" አልኩ።

"አተር ምርኩዝ ሲይዝ አይቼ አላውቅም" አሉ እማማ አንጓች፣ በከዘራቸው ላይ እንደተደገፉ። "እኛ አገር እርስ በርሱ ይያያዛል።"

ይህኛው የውጭ አገር ዘር ስለሆነ እኔ አውቅለታለሁ ብዬ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ዘንድ ደንገል ተከምሮ አየሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ አረንጓዴ፣ ውብ ነገር። ሁለት እቅፍ ገዝቼ ስመለስ መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ "ታንኳ ልትሠራ ነው?" ይለኛል። "ለአተር ነው" ስል ደግሞ ማንም ሁለተኛ አይጠይቀኝም፤ መንገዱን ያቀናልኛል። ደንገሉን በየሥሩ ተክዬ አሰርኩ። ለአንድ ሳምንት ጓሮዬ ባሕር ዳር ውስጥ አቻ አልነበረውም። አበባው ወጣ፤ ነጭ፣ እንደ ቢራቢሮ። ከዚያ ደንገሉ ደረቀ፣ ሟሸሸ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ ገባና ምርኩዙንም አተሩንም አበባውንም በአንድ ላይ አስተኛው።

ይህ የታቀደ አልነበረም። እምላችኋለሁ። እዚያው ጭቃው ዳር ቁጭ አልኩና፣ ጎልማሳ ሰው ለአተር ይለቀስ እንደሆነ አላውቅም፣ ዓይኔን ጠረግሁ። እማማ አንጓች ከበረንዳ ወርደው አጠገቤ ቆሙ። "አልሞተም" አሉ ቀስ ብለው። "የወደቀ ሁሉ አይሞትም። ተነሥና ዘይነባ ቤት ጭራሮ ለምነህ አምጣ።" ቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያለውን ጭራሮ አስመረጡኝና በየሥሩ አስተከሉኝ። በሦስት ቀን ውስጥ አተሩ በክሮቹ ጭራሮውን ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ እየተጎተተ፣ ተነሣ። እኔም ያን ጊዜ በልቤ አልኩ፦ እኚህን ሴትዮ ለማስቀረት አተር አይደለም፣ ቤቱን ማፍረስ ቢያስፈልግ አፈርሳለሁ።

ታኅሣሥ ገባ፤ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ፍሬው ወጣ። የግራው ዓይን ቀጠሮ ሐሙስ ነው። እኔ ፍሬው ገና ጠፍጣፋ እያለ ልቀጥፍ ብል እማማ አንጓች እጄን በከዘራ መለሱኝ። "ሳይሞላ? ሕፃን ይበላል እንዴ?" ስለዚህ ጠበቅን። ሞላ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እሳቸው ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ እሸት የሚበላበት ቀን ሆነ። በሩን ወለል አድርገው አስከፈቱት። "እሸት በር አይዘጋበትም" አሉ። በአገራቸው አላፊ አግዳሚ ማሳው ዳር ቆሞ የፈለገውን ያህል መብላት ይችላል፤ ይዞ መሄድ ብቻ ነው ሌብነት የሚባለው። ዘይነባ መጣች፤ በጓም ገመዱን እየጎተተ ተከተላት።

ቀጥፈን ፈለፈልን። ቀመስን።

እንግዲህ እውነቱን ልናገር፤ ፍሬው ትንንሽ ነበር። ከአንድ ቅርፊት አራት አምስት፣ ውሃ ውሃ የሚል። ያ ሁሉ ማስመሪያ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ደንገል ለዚህ ነው? ትርንጎ "ይጣፍጣል እኮ" አለች፤ ትርንጎ ስትዋሽ አንገቷን ትነካለች። እማማ አንጓች ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ውስጥ ቀመሱና "ለመጀመሪያ ጊዜ አይከፋም" አሉ። ከዚህ የከፋ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም። ቅርፊቱን ሳፋ ውስጥ ሰብስበን ለበጉ አቀረብንለት።

በጉ አሸተተ። ከዚያ አንገቱን ሳፋው ውስጥ ቀበረ። ዘይነባ "በቃህ፣ እንሂድ" ብላ ገመዱን ብትስብ እግሩን ተክሎ ቆመ። ደግማ ብትስብ በግንባሩ ገፋት። የሽምብራ ገለባ የሚንቀው በግ!

"ዝም በሉ እስቲ" አሉ እማማ አንጓች። በጉ ብቻ ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ ያደርጋል። "ይህ ገለባ የሚበላ በግ ድምፅ አይደለም።"

እንዲህ ብለው ወደ ሳፋው ጎንበስ ማለት!

"እንዳይጎነበሱ!" ብለን ሦስታችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን። ትርንጎ ወገባቸውን ያዘች፤ ዘይነባ የበጉን ቀንድ ያዘች፤ እኔ ተወርውሬ ከበጉ አፍንጫ ሥር አንድ እፍኝ ቅርፊት ነጠቅኩ። እማማ አንጓች ከመዳፌ አንዱን አነሡ፣ በቀሚሳቸው ጠረጉት፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ነጠላቸውንም ሳይስቡ፣ አፋቸው ውስጥ ጨመሩት። ቅርጭጭ አለ። አኘኩ። ቆሙ። እንደገና አኘኩ።

"ወይ ጉድ!" አሉ። "ስኳሩን ለበግ ሰጥተን እኛ ፍሬ ስንለቅም!"

ለካ ይህ አተር ከነልብሱ የሚበላ ነው! በፓኬቱ ላይ ሳህኑ ውስጥ ከነቅርፊቱ ተኝቶ የነበረው ለዚህ ኖሯል፤ እኔ ገና ያልተፈለፈለ መስሎኝ። አባት አያቶቻችን አተር ፈልፍለው ሲበሉ የኖሩበት አገር ላይ ማን ይጠርጥር? በጉ ብቻ ጠረጠረ። ከነልብሱ ቀጥፈን በላን፤ ጣፋጭ፣ ቀዝቃዛ፣ ውሃው አገጭ ላይ የሚወርድ። ዘይነባ "አላህ ያሳያችሁ፣ በጌ ከሁላችሁም በላይ ተምሯል" እያለች ትበላለች።

እኔ መሀል ላይ ድንገት ነቃሁ። እማማ አንጓች እየበሉ ነው! ልማድ ክፉ ነው፤ እግሬ ራሱ ወደ በሩ ወሰደኝ።

"ወዴት ነው?" አሉ።

"እየበሉ ስለሆነ... ልውጣ ብዬ ነው።"

"እሸት ነው እኮ። እሸት ላይ ነውር የለም። ና፣ ቆመህ ብላ።"

አጠገባቸው ቆሜ በላሁ። ስንቱን እንደበላሁ አላውቅም። ሆዴ ሲጠግብ ግን ፍርሃቱ መጣ። አተሩ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ የማበላሸው ምን ቀረኝ? ለነገ ጠዋት ደግሞ ወደ አንበሳሜ የሚሄድ የአገራቸው ሰው መኪና እንዳለ ከቤተ ክርስቲያን ሰምተው መጥተዋል። ዙሪያዬን አየሁ፤ ቦዩ ደህና ነው፣ ጭራሮው ደህና ነው፣ የሚገደል ነገር የለም። ስለዚህ የሞት ሞቴን አፌን ከፈትኩ።

"እማማ፣ ነገ አይሂዱብን። እባክዎን። የግራውን ይሠሩና ከዚያ..."

"ማን እሄዳለሁ አለህ?" አሉ። አንዱን ቅርፊት አኝከው እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። "ያን ማታ ውሃውን ሆን ብለህ ማፍሰስህን ሰምቻለሁ። ሦስት ጀሪካን ነው። ሦስተኛው ላይ ክንድህ ዝሎ ነበር።"

ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ዝም አይነቅዝም። ደግሞ አማቱን የሚሸኝ አማች ስንቱን አይቻለሁ። አማቱን ለማስቀረት አዝመራውን የሚገድል ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ጥዬ ብሄድ፣ እሱ ነው ነውሩ ብዬ ቀረሁ።" ትንሽ አሰቡና፣ "የደንገሉንስ ብልሃት እንዴት አሰብኸው? እሱን እንኳ ወድጄልህ ነበር" አሉ።

"ደንገሉ እንኳ... እሱ ከልቤ ነበር፣ እማማ።"

"ወይ ልጄ" አሉ፤ ራሴን ዳሰሱኝ።

ሐሙስ ዕለት የግራው ተሠራ። ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ "ይህን ያህል ሸብተሃል እንዴ?" አሉኝ። የማገገሚያውን ጊዜ ጨርሰው ሲሄዱ ማንም እንዳይነካት ከከለከሉን ከአንዲት የአተር ተክል ላይ የደረቀውን ፍሬ ፈልፍለው ለዘር በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

ዘንድሮ በእሸት ወራት ስልክ ደወሉ። ለትርንጎ አይደለም፤ ለእኔ። "ደርሷል። ኑና ብሉ" አሉ። "አንተ ግን ከማሳው ዳር ትቆማለህ፤ እጅህን እንዳታስገባብኝ።"

ማስመሪያዬን ቤት ትቼ ሄድኩ። እንደታዘዝኩት ከዳር ቆምኩ። እማማ አንጓች ከዘራቸውን ጥለው ማሳው ውስጥ ገቡ፤ አሁን መጎንበስ ተፈቅዶላቸዋል። ጎንበስ አሉና፣ እኔ አፍጥጬ ሳየው ቅጠል ብቻ ከመሰለኝ አረንጓዴ መሀል አንድ የአተር ፍሬ ለይተው ቀጠፉ። ከመሀሉ ቀነጠሱት። ግማሹን እዚያው ፊት ለፊቴ አኘኩት፤ ግማሹን አጎረሱኝ።